ትንሽ ስማርት ስልክ በወልድያና በመርሳ ገበያ ይሸጣልን?

በኢኮኖሚክስ ትምህርታችን ፍላጎት ማለት መመኘት ብቻ ሳይሆን ለመግዛት መፍቀድና መቻልም ጭምር መሆኑን ተምረናል። ይህን ትርጓሜ ከመጽሐፍ አውጥቼ በገበያ ለመፈተን ስል፤ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ስማርት ስልክ በአገራችን ገዢ ታገኛለች ወይስ አታገኝም የሚለውን ጥያቄ መረጥሁ። የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፤ ነገሩን እንደ ቀልድ እንዳታዩት እለምናለሁ፤ በሀብሩ ወረዳ አንድ ገበሬ ስልክ ሲገዛ የሚከፍለው የማሽላውን ወይም የጤፉን ዋጋ ነውና።

አስቀድመን የውጭውን አገር እንመልከት፤ ለዚህም ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ስክሪኑ በሰያፍ ሲለካ 3.5 ኢንች ነበር። በ2011 ሳምሰንግ 5.3 ኢንች የሆነውን ጋላክሲ ኖት ባወጣ ጊዜ በትልቅነቱ የሳቁ ነበሩ። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ዛሬ በሱቅ ከሚደረደሩት የሚበዙት ከ6 ኢንች በላይ ናቸው። በዚህ መካከል «ስልኩ በአንድ እጅ አልያዝ፣ በኪስም አልገባ አለን» የሚሉ ሰዎች ስለ ነበሩ፤ አፕል የተባለው ኩባንያ በ2020 አይፎን 12 ሚኒ የተባለ 5.4 ኢንች ስልክ፤ በ2021 ደግሞ ተከታዩን 13 ሚኒን አቀረበ። በ2022 ግን ሚኒ ቀረና በቦታው 6.7 ኢንች የሆነ ፕላስ መጣ። ተመኚው ብዙ፣ ገዢው ግን ጥቂት ነበር።

አንዱ ምክንያት በሒሳብ ይገኛል። 5.4 እና 6.5 ሲባል ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን የሁለቱ ቅርጽ አንድ ዐይነት ከሆነ ስፋታቸው የሚነጻጸረው በቁጥሮቹ ካሬ ስለ ሆነ 29.16 ለ42.25 ይሆናል፤ ይኸውም ትንሹ ከትልቁ 31 በመቶ ያህል ይጠባል ማለት ነው። ባትሪውም እንደ ሆዱ መጠን ነው፤ አይፎን 12 ሚኒ 2,227 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲይዝ ታላቅ ወንድሙ አይፎን 12 2,815 ይይዛል። በእኛ ገበያ የለመድናቸው ቴክኖና ኢንፊኒክስ ግን ብዙውን ጊዜ 5,000 ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያ በጦርነቱ ምክንያት መብራት አጥታ በከረመች ጊዜ የባትሪ ዕድሜ ምን ማለት እንደ ሆነ ያላወቀ አልነበረም።

ከውርጌሳ በመርሳና በስሪንቃ አልፎ ወልድያ በሚደርሰው መንገድ ዳር ያሉትን የስልክ ሱቆች ያየ ሰው ትንሽ ስልክ አጥቶ አይመለስም። ነገር ግን ስማርት አይደለም፤ ባለ ቁልፍ ነው። በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በራሱ ላይ የእጅ ባትሪ ነበረበት። ባለ ቁልፍ ስልክ በመቀነት ተቋጥራ ትውላለች፤ ለቀናት ቻርጅ አትጠይቅም፤ ሌሊት ከብት ለማየት ለወጣ ሰው መንገድ ታበራለች። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህም *127# በመምታት ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ ትልካለች። እንግዲህ ትንሽነትን የሚወድ ሰው አስቀድሞ ትንሽ ስልክ አለው ማለት ነው።

ስማርት ስልክ የሚገዛው ለሌላ ጉዳይ ነው። ከሀብሩ ብዙ ወጣቶች ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። እናት የልጅዋን ፊት በኢሞ ስታይ ብቻዋን አታይም፤ ስልኩ ከረከቦቱ አጠገብ ይቆምና አባት፣ ታናናሾች፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፤ ዐይናቸው የደከመ አያትም «ወደ እኔ አዙሩት» ይላሉ። የፈረንጅ ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ የእኛ የቤት ነው። በእኔ አስተያየት ትንሹ ስክሪን በአገራችን የሚሸነፈው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ደግሞም መማሪያ መጽሐፉን በስልክ የሚያነብ ተማሪ ጠባብ ገጽ ምን ያህል ዐይን እንደሚያደክም ያውቃል።

በመርሳ አንድ ነጋዴ «ጋሼ፣ ትንሹን ስማርት ማን ይገዛዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፤ «ልጄ፣ ሁሉም ያነሣዋል፤ ያምራል ይላል፤ ከዚያ የትልቁን ዋጋ ይጠይቀኛል» አሉኝ።

ዋጋውም ሌላ ዕንቅፋት ነው። ትንሽ ዳቦ ከትልቅ ዳቦ ይረክሳል፤ ስልክ ግን እንዲህ አይደለም። ስልክን የሚያስወድደው በውስጡ ያለው ዕቃ ስለ ሆነ፤ አካሉን ማሳነስ ዋጋውን ብዙ አያሳንሰውም። ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ብር በዶላር ፊት በእጅጉ ወርዷል።

ይህን ሁሉ አልሁ እንጂ ገዢ ፈጽሞ የለም አልልም። የባጃጅ ነጂ፣ የቀን ሠራተኛ፣ በግራና ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ በአንድ እጁ የሚይዛት፣ ብትወድቅ የማትሰበር ስልክ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ቴክኖን የሚሠራው ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአገራችን ስልክ ሲገጣጥም የኖረ ኩባንያ ነው፤ ባለ ሁለት ሲም፣ የእጅ ባትሪ ያላት፣ 5 ኢንች የሆነች፣ ባትሪዋም 5,000 የሆነ ስልክ ቢያወጣ ይሸጥለታል ብዬ እገምታለሁ። ወፍራም ትሆናለች፤ ቢሆንስ፣ በመቀነት የታሰረችን ስልክ ውፍረት ማን ይለካል? የምትፎካከረው ግን ከባለ ቁልፏ ጋር ነው እንጂ ከረከቦቱ አጠገብ ከሚቆመው ከትልቁ ጋር አይደለም።