ለግቢ የዓሣ ኩሬ፣ በበርሜል የሚሠራ ሕያው ማጣሪያ

የኩሬዎ ውሃ ወለሉ እስኪታይ ስለጠራ ብቻ ለዓሣዎቹ ተስማማ ማለት አይደለም። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ግን ይገድላል። የዚህ ማጣሪያ ዋና ሥራም ይህን መርዝ ለሚመገቡ ባክቴሪያዎች ቤት መሆን ነው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም ገና መርዝ ነው። ሌሎቹ ተቀብለው ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ያደርሱታል። የሚኖሩት ነገር ላይ ተጣብቀው ስለሆነ ሰፊ ማረፊያና ኦክስጅን ያለው ውሃ ይፈልጋሉ።

ለማረፊያቸው በቢሾፍቱና በአዳማ ዙሪያ የሚወጣውን፣ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚያህል አላገኘሁም። እስከ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር የሚሆነውን መርጠው፣ የሚለቀልቁበት ውሃ እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡት። ከዚያ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ይሙሉት፤ በኋላ ማውጣት ቢያስፈልግ አይቸገሩም።

2,000 ሊትር ለሚይዝና ዓሣ ላልተጨናነቀበት ኩሬ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳይጠይቁ አይግዙ፤ ኬሚካል የነበረበትን ይተዉት። ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን መቀመጫውን በድንጋይና በሲሚንቶ ያጽኑ። የውሃ መውጫውም ከኩሬው ከፍ ይበል።

በበርሜሉ ግርጌ የደለል ማውጫ ቫልቭ ይግጠሙ። ከላይኛው ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለው ደግሞ የ2 ኢንች መውጫ ያብጁ። መግቢያው 1 ኢንች ሆኖ መውጫው የሰፋው፣ የሚገባውን ፓምፕ ሲገፋው የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ስለሚፈስ ነው። መውጫው ከጠበበ በርሜሉ ሞልቶ ይፈስና ኩሬው ይጎድላል።

የመግቢያውን ቱቦ ከላይ አስገብተው እስከ ታች ያውርዱት። ከውሃው ገጽ በላይ፣ ግን በርሜሉ ውስጥ ባለው የቱቦው ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ። ይህችን ቀዳዳ አይርሷት፤ መብራት ሲጠፋ የበርሜሉ ውሃ በቱቦው ወደ ኩሬ ተስቦ እንዳያልቅ የምትከለክለው እሷ ናት። ከታች የለስላሳ ሳጥን ይገልብጡ፤ ደለል የሚረጋው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ከረጢቶቹን በላዩ ይደርድሩ።

ፓምፑ በሰዓት 1,000 ሊትር ያህል በርሜሉ አፍ ድረስ ማድረስ አለበት። ውሃው ከፍ ወዳለ ቦታ ሲገፋ የሚያደርሰው መጠን ስለሚቀንስ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ብቻ አይተማመኑ። ፓምፑን በስፖንጅ ጠቅልለው ኩሬው ውስጥ ያስቀምጡ። ሶኬቱ ከመሬት ከፍ ያለና ሳልቫቪታ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ) ያለው ይሁን።

አሁን ትዕግሥት ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርዳማ ደጋ ከዚያም ይበልጣል። እስከዚያ ጥቂት ቆሮሶ ብቻ ይጨምሩ፤ ምግቡም ጥቂት ይሁን። ከቆየ ጤነኛ ኩሬ የተወሰደ እፍኝ ድንጋይ ጊዜውን ያሳጥረዋል። ኩሬው ውስጥ የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ሁለት ቀን ያሳድሩት።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ድንጋዩን በቧንቧ ውሃ እስኪያብረቀርቅ አጠብኩት። በአራተኛው ቀን ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያጣጥሩ ጀመር፤ ከግማሽ በላይ አለቁብኝ። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ፈጅቷቸው ነበር። ድንጋዩ ከተደፈነ በራሱ በኩሬው ውሃ ለቅለቅ ያድርጉት፤ በአንድ ጊዜም ከግማሹ አይለፉ።

መብራት ለሰዓታት ከጠፋ በርሜሉ ውስጥ የቆመው ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ ይበላሻል። ፓምፑን ከማስነሳትዎ በፊት በታችኛው ቫልቭ ያፍስሱት። በየሁለት ሳምንቱ የሚያወጡትን ደለል ደግሞ ለጎመንና ለቆስጣ ያጠጡት።

የቀረውን ናይትሬት ዕፅዋት ይመጥጡታል፤ ለዚህ በኩሬው ዳር ቄጠማ ይትከሉ። በሌላ አገር ለኩሬ ውበት ይሸጣል ብለው እምቦጭ እንዳያስገቡ። ጣናን ያስጨነቀው አረም እሱ ነው፤ ከግቢዎ በጎርፍ ወጥቶ ወንዝ ከገባ መመለሻ የለውም።