ጣቢታ የሰፋቻቸው ልብሶች

ምእመናን፣ የዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ከቁጥር 36 ጀምሮ ያለው ታሪክ ነው። በኢዮጴ ጣቢታ የምትባል ደቀ መዝሙር ነበረች። ታመመችና ሞተች፤ አጥበውም በሰገነት አስተኟት። ቅዱስ ጴጥሮስ በአቅራቢያው በልዳ ነበርና ሁለት ሰዎች ልከው አስጠሩት። እንደ ገባ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት። ምን እንዳደረጉ ልብ በሉ፦ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያነሡ አሳዩት። ጣቢታ ስንት ብር እንደ መጸወተች ቅዱስ ሉቃስ አልጻፈልንም፤ የጻፈልን እነዚያን ልብሶች ነው።

ይህን ቀስ ብለን እንየው። ገንዘብ ፊቱን ላላየነው ሰው ልንሰጥ እንችላለን፤ መልካም ነው፣ ዋጋም አለው። ልብስ ለመስፋት ግን የመበለቲቱን ቁመት ማወቅ፣ ትከሻዋን መለካት፣ እቤቷ ገብቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት የሚቆምላት አልነበራትም። በምዕራፍ 6 እንደምናነበው በኢየሩሳሌም እንኳ በዕለት ማዕድ የተዘነጉ መበለቶች ነበሩ። ሐዋርያት ሰባት ዲያቆናትን ሾመው ያንን በደል በሥርዓት አቃኑ። በኢዮጴ ደግሞ አንዲት ሴት መርፌና ክር ይዛ የተዘነጉትን አሰበች። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትፈልጋለች፤ እኔ ግን ሁለተኛው በመካከላችን እየሳሳ መምጣቱ ያሳስበኛል።

የእጅ ሥራ ለእግዚአብሔር ቤት እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ የሆነውን ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው ተጽፏል፤ የሞላውም ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። እዚያው ላይ ልባቸው ጥበበኛ የሆነ ሴቶች ለድንኳኑ በእጃቸው ፈተሉ። እመቤታችንም የመልአኩን ብሥራት የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደ ነበር አባቶቻችን አስተምረውናል።

ሆኖም ሥራው በእጅ ስለ ተሠራ ብቻ አይቀደስም። ወደ ኤፌሶን እንሂድ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ አለ፤ ለአርጤምስ የብር ቤተ መቅደሶች እየሠራ ለሙያ ባልንጀሮቹ ብዙ ትርፍ ያስገኝ ነበር። የጳውሎስ ስብከት ገበያውን ሲነካበት ሙያተኞቹን ሰብስቦ ከተማዋን አወከ። በዚያችው ከተማ ሦስት ዓመት የቆየው ቅዱስ ጳውሎስም የእጅ ሙያተኛ ነው፤ ድንኳን ሰፊ። ሲሰናበት የኤፌሶንን ቀሳውስት ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ የማንንም ብርና ልብስ እንዳልተመኘ፣ እጆቹ ለእርሱም አብረውት ለነበሩትም እንዳገለገሉ፣ ደካሞችን መርዳት እንዲህ በድካም እንደሆነ ነገራቸው። ለኤፌሶን በጻፈውም መልእክት በምዕራፍ 4 ቁጥር 28 ይሰርቅ የነበረው ከእንግዲህ በእጁ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ለችግረኛ የሚያካፍለው እንዲኖረው ይላል። ይህ ለእኔ ታላቅ ምሥጢር ነው፦ ትናንት የሰው ኪስ ይገባ የነበረው እጅ ዛሬ ሰጪ ይሆናል። ማኅበረሰብ የሚለወጠው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ የሚያሳፍር ነገር አለብን። ነጠላ አጣፍተን ቅዳሴ እንቆማለን፤ ነጠላውን የሸመነውን ግን በሙያው ስንሰድብ ኖረናል። መስቀሉንና ማረሻውን የሠራልንን ቀጥቃጭ ቡዳ ብለናል፤ ብራናውን የፋቀውን፣ ምጣዱንና እንስራውን የሠራችውን ንቀን ጋብቻ ከልክለናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው፣ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ በየመንደሩ ይሰማል። የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን ይህ ጸራቢው አይደለምን ብለው እንደ ተሰናከሉበት ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፏል። ስለዚህ በእጅ ሥራ ድሀን እንርዳ የሚል ማኅበር መጀመሪያ ሙያተኛውን ያክብር። የሸማኔውን ዋጋ ለበጎ ሥራ ነው ብሎ መቁረጥ በድሀ ጉልበት መመጽወት ነው።

እንዴት እንጀምር ለሚል፣ ጋቢን እንውሰድ። በየአጥቢያው መፍተል የሚያውቁ እናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ጠሪ አጥተው ቤት ተቀምጠዋል። የጽዋ ማኅበሩ ጥጡን ይግዛ። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ይሆናል። እናት ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን በቀኟ ታሾራለች፤ ክሩ ሲበጠስ ጫፉን በጣቷ አሻሽታ ትቀጥላለች፤ ሲሞላ በልቃቂት ይጠነጠናል። ወጣት ሴቶች አጠገቧ ተቀምጠው ይማሩ፤ ወንዶቹም ቢማሩ ነውር የለውም። እርሷ ተረጂ ሆና በዝርዝር የተያዘች ብትሆን እንኳ እዚህ መምህርት ናት፤ የፈተለችበትም ይከፈላት። ድርና ማጉን ሸማኔው ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ ይሥራው፤ በማኅበሩ ቀንም ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጥ።

ጋቢው ለማን እንደሚሰጥ ሳይሸመን ይታወቅ። በደጀ ሰላሙ ያሉትን ቀርባችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ከጋቢ ይልቅ ፎጣ ወይም ጫማ ይፈልግ ይሆናል። ሲሰጥም ካሜራ አይደቀንበት። መፍተል ጊዜ ይፈጃልና የሐምሌው ብርድ ሳይገባ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ ጥጡ በጥር መገዛት አለበት።