«ቀብድ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት

አያት ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፉን ሲረከብ ብዙውን ጊዜ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ኩሽናው ባዶ ነው። ከዚያ ሴራሚክ ነጣፊው፣ ጅብሰም ሠሪው፣ ካቢኔ ሠሪው በየተራ ደረጃውን ይወጣሉ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ለመነሻ ትንሽ ነገር?»

እኔ ለካቢኔው የዋጋውን ግማሽ በጥሬው ቆጥሬ ሰጠሁ። ሁለት ሳምንት «ነገ እንገጥማለን» ስባል ቆይቼ ወርክሾፑ ድረስ ብሄድ፣ በእኔ ገንዘብ የተገዛው ኤምዲኤፍ የሌላ ሰው ቁም ሣጥን ሆኖ ቆሟል። ሰውየው ሌባ አልነበረም። የእኔን ለፊተኛው ደንበኛ፣ የሚቀጥለውን ለእኔ፣ እንዲያ እያሸጋሸገ ነው የሚሠራው። አዲስ ደንበኛ የጠፋ ዕለት ግን የመጨረሻው ከፋይ ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ በቅድሚያ ማቴሪያሉንና የእጅ ዋጋውን ይለዩ። ባለሙያው የሚያስፈልገውን በካሬና በቁጥር ጽፎ ይስጥዎ፤ መርካቶም ሆነ ተክለ ሃይማኖት አብረው ሄደው ለሱቁ ራስዎ ይክፈሉ፣ ደረሰኙንም እርስዎ ይያዙ። ሴራሚክ ከሆነ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ትርፍ ይግዙ፤ ከወር በኋላ ያንኑ ቀለም ላያገኙት ይችላሉ። ኤምዲኤፉ ወርክሾፕ በገባ ዕለት በየጀርባው ስምዎን በማርከር ይጻፉበት። ይስቁብዎታል፤ ይሳቁ። ዕቃውን አስቀድመው ራስዎ ስለገዙ «ጋሼ፣ ዕቃ ጨመረ» የሚለው ስልክም ይቀራል።

ቀጥሎ ውል። በአፋችን ሁሉንም መነሻ «ቀብድ» እንላለን፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ቃሉ የራሱ መዘዝ አለው። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ተቀባዩ ደግሞ እጥፉን ከፍሎ። ባለሙያው ጥሎኝ ይሄዳል ብለው ከሰጉ ቃሉ ይጠቅምዎታል። ሐሳብዎን የሚለውጡት እርስዎ ሊሆኑ ከቻሉ ግን «ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉ፤ ሥራው ካልተጀመረ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስም ይጨምሩ። ሁለት ምስክር ያስፈርሙ።

ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ ምክንያቱ ላይ «ለካቢኔ የእጅ ዋጋ፣ አንደኛ ክፍያ» ይበሉ። «በወንድሜ ሒሳብ ያስገቡልኝ» ካለ እሺ አይበሉ፤ የውሉ፣ የመታወቂያውና የሒሳቡ ስም አንድ ይሁን።

ስንት? ማቴሪያሉን እርስዎ ከገዙ፣ ከእጅ ዋጋው ሩብ በላይ የሚያስጠይቅ ምክንያት አይታየኝም። ቀሪውን ሳጥኖቹ ሲቆሙ፣ በሮቹ ሲገጠሙ እያሉ ይስጡ። የመጨረሻዋን ግን መሳቢያውን ሁሉ ስበው፣ ሲንኩ ሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፈው ቧንቧውን ከፍተው ካዩ በኋላ ነው የሚሰጡት። ብሎክዎ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ርክክቡን ውኃ በሚመጣበት ቀን ይቅጠሩት።