የዓሣ ነባሪ አዳኞች ወደብ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኒው ቤድፎርድ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ የአኩሽኔት ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጎብኚዋ ጉዞውን ከወደቡ ቢጀምር መልካም ነው። በዚያ የአጥማጆች ጀልባዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። አጥማጆቹ ከባሕሩ ወለል በመረብ እየጎተቱ የሚያወጡት፣ በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር ሥጋው ነጭ የሆነ እንስሳ የወደቡ ዋና ገቢ ነው።

በ1850ዎቹ ግን ከዚሁ ወደብ ከ300 የሚበልጡ መርከቦች ዓሣ ነባሪ ሊያድኑ እስከ ፓስፊክና እስከ አርክቲክ ይዘልቁ ነበር። አንዱ ጉዞ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅ ነበር። የተገደለው እንስሳ ስብ ተገፍፎ እዚያው መርከቡ ላይ በትልልቅ የብረት ድስት እንደ ቅቤ ይነጠራል፤ ዘይቱም ለመብራትና ለመኪና ማለስለሻ ይሸጣል።

ከወደቡ ተነሥቶ ዳገቱን ጥቂት የወጣ ሰው በ1832 የተሠራውን የመርከበኞች ጸሎት ቤት ያገኛል። በግድግዳው ላይ በባሕር የቀሩ ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል፤ ከስሙ በታች ግን አስከሬን የለም። ከፊት ለፊቱ ባለው ቤተ መዘክር ላጎዳ የተባለችው መርከብ በግማሽ መጠኗ ተሠርታ ቆማለች። በጣራው ሥር ከተሰቀሉት አጽሞች አንዱ በ1998 መርከብ ገጭቶ የገደለው የወጣት ዓሣ ነባሪ አጽም ነው። ከአጥንቱ ዘይት ለብዙ ዓመታት ይንጠባጠብ ነበር።

በዚህች ከተማ ሉዊስ ቴምፕል የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። ቴምፕል በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዘመኑ አዳኞች የሚወረውሩት ጦር ከእንስሳው ሥጋ በቀላሉ ይወልቅ ነበር። እርሱም በ1848 ጫፉ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ዞሮ እንደ መቀርቀሪያ የሚጋደም ጦር ሠራ። አዳኞች ወደዱት፤ ሌሎች ቀጥቃጮችም ቀዱት። ቴምፕል ግን የፈጠራ መብቱን ስላላስመዘገበ በ1854 ሲሞት ከሥራው ሀብት አላፈራም ነበር።

ለአዳኙ የበጀው ጦር ለእንስሳው ጥፋት ሆነ። ዓሣ ነባሪዎች እየተመናመኑ ሲሄዱ መርከቦቹ ወደ በረዶው ባሕር ጠልቀው ገቡ። በ1871 በአላስካ ጠረፍ 33 መርከቦች በበረዶ ተያዙ፤ ከ1,200 የሚበልጡት ተሳፋሪዎች መርከቦቹን ጥለው በጀልባ በመሸሽ ሁሉም ዳኑ። ቀደም ሲል በ1859 በፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ጉድጓድ በመቆፈሩ የዓሣ ነባሪ ዘይት ገበያ መድከም ጀምሮ ነበር። በዚህም የተነሣ ከተማዋ ፊቷን ወደ ሌላ ሥራ አዞረች።

ለ. የቃላት ፍች

ተቆረቆረ፦ ተመሠረተ
በጀ፦ ጠቀመ፣ ተስማማ
ተመናመነ፦ ቁጥሩ እያነሰ ሄደ

ሐ. ጥያቄዎች

1. የቴምፕል ጦር ከቀድሞው በምን ይለያል?
2. የዓሣ ነባሪ አደን የቀነሰባቸውን ሁለት ምክንያቶች ግለጹ።
3. «ከስሙ በታች ግን አስከሬን የለም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

መ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

«ቴምፕል ጦሩን ሠራ» በሚለው ዓረፍተ ነገር «ሠራ» አድራጊ ግሥ ነው፤ የሥራው ባለቤት በግልጽ ይታያል። «ጦሩ ተሠራ» ስንል ግሡ ተደራጊ ይሆናል፤ ሠሪውም ይሰወራል። አድራጊው በማይታወቅበት ወይም ማወቁ በማያስፈልግበት ጊዜ በተደራጊ ግሥ መጠቀም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «በ1848 አዲስ ጦር ተሠራ» ብሎ የሚያበቃ ጸሐፊ ሐሰት ባይናገርም የአንድን ሰው ድካም ያለ ባለቤት ያስቀራል። ስለዚህ አንድን ግሥ ተደራጊ ከማድረጋችሁ በፊት የሚሰወረው ማን እንደ ሆነ መርምሩ።

መልመጃ፦ ከምንባቡ ሦስት ተደራጊ ግሦችን አውጥታችሁ ወደ አድራጊ ለውጡ። አድራጊው በምንባቡ ያልተጠቀሰ ከሆነ ይህንኑ አመልክቱ።

ሠ. ድርሰት

ቀድሞ በአንድ ሙያ ትታወቅ የነበረችና ዛሬ በሌላ የምትተዳደር፣ የምታውቋትን ከተማ ወይም መንደር በሦስት አንቀጽ ግለጹ። በመጀመሪያው ዛሬ የሚታየውን፣ በሁለተኛው የቀድሞውን ሙያና ሠራተኞቹን፣ በሦስተኛው የለውጡን ምክንያት ጻፉ። በሥራው የደከሙትን ሰዎች በአድራጊ ግሥ አስታውሱ።