ቃለ አጋኖዋ ስትበራ

በዛሬው የሳይንስ አምድ ስለ መኪና የፍሬን መብራት እንማራለን። «ተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ስንሄድ የምንሳፈረው መኪና ላይ ነው፤ ስለዚህ ያገባናል።

አጎቴ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ባለፈው የመስቀል ሰሞን ጫማ ሊገዛልኝ ወደ ወልቂጤ ልንወርድ ጋቢና ተቀመጥኩ። መኪናው ሞልቷል። ሞተሩን ሲያስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ብዙ መብራቶች በሩና ጠፉ፤ አንዲት ቀይ ግን አልጠፋችም። ክብ ናት፤ መሐሏ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርናት ቃለ አጋኖ (!) አለች፤ በግራና በቀኟ ደግሞ ቅንፍ የሚመስሉ መስመሮች አሉ።

«አጎቴ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«የፍሬን ናት፤ ዘይት ጎድሎ ነው። ከትናንት ወዲያም ጨምሬ ጠፍታ ነበር» አለና ዘይት ሊጨምር ወረደ። አጠገባችን የነበረ መካኒክ ይህን ሰምቶ «የጨመርከው ዘይት ታዲያ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀው። አጎቴ ዝም አለ።

ጥያቄው የገባኝ በኋላ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው ያለው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዘይቱ ግፊቱን እስከ ጎማዎቹ ያደርሳል፤ እዚያ የፍሬን ሸራው ተገፍቶ ይይዛል። ፈሳሽ በተዘጋ ቦታ ሲገፋ ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ ያስረዳው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1623 እስከ 1662 የኖረ)። መርፌ የሌላቸው ሁለት አዳዲስ ሲሪንጆች በቀጭን ቱቦ አገናኝታችሁ ውኃ ሙሉባቸው። አንዱን ስትገፉ ሌላው ይወጣል። አየር ከገባበት ግን አየሩ ስለሚጨመቅ ግፊቱ በደንብ አይደርስም። ፍሬን ውስጥ አየር ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ፔዳሉ ይላላል።

መካኒኩ «ነይ እዪ» ብሎ መብራቷ ስትበራ ምን በተራ እንደሚታይ አሳየኝ፦

1ኛ. የእጅ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ወርዷል ወይ? በብዙ መኪና ይቺው መብራት ለእጅ ፍሬንም ታገለግላለች። ወርዶም ካልጠፋች ወደ ሁለተኛው ይኬዳል።

2ኛ. መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የፍሬን ዘይት ዕቃው ይታያል። ሁለት መስመሮች አሉት፤ ዘይቱ በመካከላቸው መሆን አለበት። ከታችኛው መስመር ሲወርድ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ አብሮ ይወርድና መብራቷን ያበራታል።

3ኛ. ዘይቱ ከጎደለ ምክንያቱ ይፈለጋል። ወይ ፈሷል፣ ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል። ሸራው ሲሳሳ ብዙ መገፋት ስለሚፈልግ ዘይቱ ወደ ጎማው በኩል ይሄዳል፤ ዕቃው ውስጥ ያለው ይቀንሳል።

4ኛ. ሁሉም ደህና ከሆነ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከማብሪያው ሊሆን ይችላል። ግን ይህ የመጨረሻው ግምት ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ዘይት ሲጨመርም መኪናው የሚፈልገው ዓይነት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ከተጨመረ ጎሚኒዎቹ ያብጡና ይበላሻሉ።

የእኛን መኪና ሲፈትሽ የቀኝ የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ረጥቧል። ዘይቱ የሄደው እዚያ ነበር! ሰው «ፍሬን በጠሰ» ሲል ገመድ የተበጠሰ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ብዙ ጊዜ ዘይት ሲፈስ ነው። የብዙ መኪኖች ፍሬን ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ወገን ሲፈስ ሌላው ይይዛል። ነገር ግን መኪናው ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል። አገና ደጋ ናት፤ ወልቂጤ ለመድረስ ቁልቁለት ይወረዳል። ሰው ጭኖ ቁልቁለት ላይ ያ ርቀት ከየት ይመጣል?

ተሳፋሪዎቹ «ጨምርበትና እንሂድ፣ በዓል ደረሰ» ብለው አጉረመረሙ። አጎቴ ትንሽ አሰበና የሁሉንም ሒሳብ መለሰ። ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ሁለት ቀን ቆመ። ለሾፌር የመስቀል ሰሞን ሁለት ቀን ብዙ ገንዘብ ነው። እኔም መስቀልን በአሮጌ ጫማዬ አከበርኩ። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር፤ የረጠበውን ጎማ ሳስታውስ ግን ኩርፊያዬ ለቀቀኝ።

ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ዘይት ስንጨምር መብራቷ ትጠፋለች፤ ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው። መብራቷ የጠየቀችን «ምን ሆነ?» ብለን እንድንፈልግ ነው።

ጥያቄ፦ ቁልፍ ሲዞር የፍሬን መብራቷ ጭራሽ ካልበራች መኪናው ደህና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ መኪኖች ቁልፍ ሲዞር አምፖሉ መሥራቱን ለማሳየት ለአፍታ ያበሩታል። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዘይት ቢጎድልም የሚነግረን የለም።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ጋቢና ስትቀመጡ ዳሽቦርዱን አየት አድርጉ፤ ቀይ ካያችሁ ሾፌሩን በትሕትና ጠይቁት። ሰላም ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል