የእንግሊዝኛ ቃላት ሥር

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስዘጋጅ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ከ«ኤ» ጀምሬ በቃሌ ልይዘው ተነሣሁ። «ቢ» ላይ ሳልደርስ የያዝሁት ጠፋ። መምህራችንም «ጻፈን ካወቅህ ጸሐፊና መጽሐፍ መች ይቸግሩሃል? የዚህንም ሥር ፈልግ» አሉኝ።

እውነትም በላቲን «ቤኔ» በበጎ፥ «ማሌ» በክፉ፥ «ቮሎ» እሻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ «በኔቮለንት» በጎ ፈቃድ ያለው፥ «መሌቮለንት» ክፉ የሚመኝ ነው። ኩራት ተሰማኝ።

በልምምድ ፈተና ላይ ግን «ኢንፍላመብል» መጣ። «ኢን» አፍራሽ ነው ብዬ «የማይቃጠል» አልሁ፤ ተሳሳትሁ። ለካ «ኢን» በላቲን ሁለት ነው፤ እዚህ ላይ «ውስጥ» ማለት ሲሆን፥ ቃሉም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። (የቤንዚን በርሜል ላይ ተጽፎ ባነበው ምን ይውጠኝ ነበር!)

አሁን ሥሩን ከገመትሁ በኋላ መዝገበ ቃላቱን እገልጣለሁ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሥሮቹ ደብተሬም ገና ግማሽ ነው።