የሃሞክ ማሰሪያና መገጣጠሚያ አመራረጥ

ሃሞክ በሁለት ዛፎች መካከል የሚታሰር ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ ነው። የተኛውን ሰው ክብደት ከጨርቁ ተቀብሎ ለዛፉ የሚያደርሰው ማሰሪያው ሲሆን፣ ጨርቁንና ማሰሪያውን የሚያገናኘው ደግሞ ዘለበት፣ ካራቢነር (ተከፍቶ የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ወይም ቋጠሮ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ የሌሎቹ ጥንካሬ ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ዕቃው ሲመረጥ ከዛፍ እስከ ዛፍ እንደ አንድ ሰንሰለት መታየት አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ሸክሙን ማወቅ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት ማሰሪያ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ 40 ኪሎ የሚይዝ ይመስላል። እንደዚያ የሚሆነው ግን ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ታች ቢወርዱ ብቻ ነው። ወደ ጎን በተዘረጉ መጠን እርስ በርስ መጓተት ይጀምራሉ። ማሰሪያው ከአግድም መስመር በ30 ዲግሪ ሲያዘቀዝቅ እያንዳንዱ የሰውየውን ሙሉ ክብደት፣ 80 ኪሎ፣ ይሸከማል። በ15 ዲግሪ ሸክሙ ወደ 155 ኪሎ፣ በ10 ዲግሪ ወደ 230፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ ወደ 460 ኪሎ ይወጣል። እርጥብ ጋቢ የተሰጣበት ገመድ የቱንም ያህል ቢወጠር መሃሉ መርገቡ የማይቀረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጨርሶ ያልረገበ ገመድ ወደ ላይ የሚያነሳ ጉልበት አይኖረውም። ሃሞክን እንደ ልብስ ማስጫ ወጥሮ ማሰር ዕቃን ከሚበጥሱ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ምቾትም አይጨምርም፤ የተወጠረ ጨርቅ ጠርዙ ትከሻን ያጣብቃል፣ የረገበው ግን በሰያፍ ለሚተኛ ሰው ጀርባን ያዘረጋል።

30 ዲግሪን ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም። አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ሌባ ጣት ወደ ሃሞኩ ተዘርግተው የሁለቱ ጫፎች በማሰሪያው መስመር ላይ ካረፉ ማዕዘኑ ለዚያ ቅርብ ነው። መለኪያ ያለው ሰው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር አግድም ርቀት 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይቆጥራል።

ቀጥሎ መለያው ይነበባል። በማሰሪያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ዕቃው የሚበጠስበት ሸክም፣ ሌላው በሥራ ላይ የሚፈቀደው ሸክም ነው። ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው። የሚበጠስበት ሸክም ከሚጠበቀው ቢያንስ 5 እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ ለ80 ኪሎ ሰው በ30 ዲግሪ ይህ 400 ኪሎ ማለት ነው። ማዕዘኑ ሁልጊዜ እንደታሰበው ስለማይገኝና ሰው ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ሸክሙ በቅጽበት ስለሚንር፣ ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ከ700 ኪሎ በላይ የሆነውን መምረጥ ይሻላል።

ስፋቱ የሚወሰነው ለዛፉ ሲባል ነው። የዛፍ ምግብ የሚተላለፈው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሕያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀጭን ገመድ በሰው ክብደት ሲጎተት ይህን ክፍል ይጨፈልቀዋል፣ ይቆርጠዋልም። ስለዚህ ዛፉን የሚያቅፈው ክፍል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ይሆናል፤ ቅርፊቱ ለስላሳ ከሆነ ወይም እንደ ጽድ በቀላሉ እየተላጠ የሚነሳ ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ይመረጣል። ሲባጎና የናይለን ገመድ በቀጥታ ግንድ ላይ አይታሰሩም።

በቁስ ረገድ ፖሊስተር ከናይለን ይሻላል። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ሸክም ሲያርፍበት ይለጠጣል፣ ሲርስ ደግሞ ይብሳል፤ ማታ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የታሰረ ሃሞክ ሌሊት ዝናብ ከጣለ ጠዋት ተኝቶበት የነበረውን ሰው ከሣሩ ሊያገናኘው ይችላል። ዳይኒማ በመባል የሚታወቀው የፖሊኤቲሊን ክር ከሁሉም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በጣም ስለሚያንሸራትት ተራ ቋጠሮ አይዝለትም፤ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልሞላ ሙቀትም ስለሚቀልጥ ከእሳት ይራቃል።

ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዙሪያው ከውፍረቱ 3 እጥፍ ስለሚበልጥ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ዛፍ ለማቀፍ ብቻ 1.57 ሜትር ይሄዳል። ዛፎቹ በ5 ሜትር ከተራራቁ በየጎኑ ሌላ 1.3 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የ3 ሜትር ማሰሪያ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር የሆነው ግን ለአሮጌ ጽድም ይበቃል። ዋርካን ለሚያህል ግንድ የትኛውም ስለማይደርስ ሌላ ዛፍ መፈለግ ነው።

መገጣጠሚያው እንደ ተጠቃሚው ልምድ ይለያያል። ለጀማሪ የሚመቸው በየተወሰነ ርቀት ቀለበት የተሰፋበት ማሰሪያ ነው፤ ካራቢነሩ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው እየተዛወረ ቁመቱ ይስተካከላል። ችግሩ መካከለኛ ልክ አለመኖሩ ነው፣ ክብደቱም ይበዛል። በዘለበት የሚጠብቀው ማሰሪያ በፈለጉት ልክ ይቆማል፤ እንዳያንሸራትት ግን ከዘለበቱ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሸምቀቆ ሊታሰርበት ይገባል። ካራቢነር ሲገዛ ለተራራ ወጪዎች የተሠራው ይመረጣል። በአውሮፓው ኢኤን 12275 መስፈርት ተራው ዓይነት በቁመቱ ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት፤ 1 ኪሎ ኒውተን 102 ኪሎ ገደማ ነው። ለሃሞክ ተብለው የሚሸጡት ባለ 12 ኪሎ ኒውተን ትንንሾችም ይበቃሉ። ቁጥር ያልተጻፈበት የቁልፍ መያዣ ግን ቅርጹ ቢመሳሰልም የሰው ክብደት አይሰቀልበትም።

ከጨርቁ በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታሰር ቀጭን ገመድ መጨመር ትልቅ ጥቅም አለው። ርዝመቱ የሃሞኩ 83 በመቶ ሲሆን፣ ለ3.3 ሜትር ሃሞክ 2.74 ሜትር ማለት ነው፣ የዛፎቹ ርቀት ቢለያይም ጨርቁ በየቦታው እኩል ይረግባል።

ዛፍ ሲመረጥ ሕያው፣ ቀጥ ያለና ከ15 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው ይሁን፤ ርቀቱም ከ4 እስከ 5 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከማሰር በፊት ወደ ላይ መመልከት ግዴታ ነው፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበት ዛፍ ሥር አይታደርም። ለጋ ባሕር ዛፍ በሸክም ይጎብጣል፣ ልሙጥ ግንዱም ማሰሪያን ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ማሰሪያው አንድ ዙር ተጨምሮ ይጠመጠማል። የግራር እሾህ ደግሞ ክሩን ስለሚበሳ መጀመሪያ ይጸዳል።

ማሰሪያው ሳይጠማዘዝ ግንዱን አቅፎ ጫፉ በራሱ ቀለበት ውስጥ ይሳባል። ከመሬት ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር ላይ ይታሰራል፤ ሰው ሲቀመጥበት መሃሉ እንደ ወንበር 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ ቀስ በቀስ በመቀመጥ ይፈተናል፤ ሰው ከገባ በኋላ ማዕዘኑ እንደገና ይታያል። ዝናብ በሚጠበቅበት ጊዜ ከጨርቁ ጫፍ አጠገብ ማሰሪያው ላይ አጭር ክር ይንጠለጠላል፤ ከግንዱ የሚወርደው ውኃ በዚያ ይንጠባጠባል።

ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ ስፌቱና ጠርዙ በጣት እየተዳሰሰ ይመረመራል። ፀሐይ ክርን ስለምታደክም ቀለሙ የነጣና የሻከረ፣ እንዲሁም የተበሳ ወይም እሳት የነካው ማሰሪያ ይጣላል። የቀረው በጥላ ደርቆ ይጠቀለላል።